በጃፓን ጥቁር ቀለም የየወቅቱን አበባና አትክልት ቦታ መሳል፦ የምትሞክሩ ካላችሁ እንወያይ

የጽጌ_ወር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓኖች ሱሚ-ኤ የሚሉትን፣ በጥቁር ቀለምና በውኃ ብቻ የሚሠራውን ሥዕል እየተለማመድኩ ነው። ብሩሽ፣ ደረቅ ቀለምና የመበጥበጫ ድንጋይ አለኝ፤ ቀርከሃ መሳል እጄ ለምዶታል። አሁን ወደ አበቦች መግባት እፈልጋለሁ።

የድሮዎቹን ሥራዎች ሳይ ይሄ የየካቲት ነው፣ ይሄ የሰኔ ነው፣ ይሄ የጥቅምት ነው ማለት ይቻላል። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ፣ አረንጓዴ የለ። ታዲያ ወቅቱ ሥዕሉ ውስጥ የሚገባው በምንድን ነው? በግቢያችን አጥር ሥር ያለውን ሃይድራንጂያ ስሞክር አንድ ትልቅ ግራጫ ክምር ነው የሚሆንብኝ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ። ብሩሹን ገና ሳሳርፈው ቀለሙ ይንሰራፋል። ሦስተኛ፣ አበባን ለብቻው ሳይሆን ከነድንጋዩ፣ ከነውኃው፣ ከነዛፉ፣ ማለትም አትክልት ቦታውን እንዳለ መሳል የሞከረ አለ? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

ሰላም የጽጌ ወር። እዚህ ከአንዲት አሮጊት መምህርት ዘንድ ነው የምማረው፤ የምጽፍልሽ በአብዛኛው ከእሳቸው እጅ ያየሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወቅቱ ያለው በተክሉ ቁመናና በብሩሹ እርጥበት ላይ ነው። ኡሜን፣ የጃፓኑን ፕለም፣ እንውሰድ። ብርዱ ሳይወጣ፣ አንድም ቅጠል ሳያወጣ ነው የሚያብበው። ስለዚህ ቅጠል ጨመርሽ ማለት የካቲትን ከሥዕሉ አስወጣሽ ማለት ነው። ግንዱ ያረጀና የተጣመመ ነው፤ እሱ የሚሠራው ውኃው በደንብ በተጨመቀ ብሩሽ ነው። ብሩሹ ሲጎተት የወረቀቱ ነጭ በመሐል ብቅ ብቅ ይላል፣ ካሱሬ ይሉታል። ከዚያ ካረጀው ግንድ ላይ የዘንድሮው ቀንበጥ ቀጥ ብሎ፣ እጅሽ ሳያመነታ፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። አበባው ያለ አንገት ቀንበጡ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ አምስቱም የአበባ ቅጠሎች ጫፋቸው ክብ ነው። ሳኩራ ግን ረጅም አንገት አለው፣ በዘለላ ይንጠለጠላል፣ የአበባው ቅጠል ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለው። ይህን ያልለየ ሰው በጥቁር ቀለም ሁለቱን መለየት አይችልም። እዚህ ኪዮቶ ኪታኖ ቴንማንጉ በሚባለው መቅደስ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 25 የኡሜ በዓል ይከበራል፤ ያን ቀን ብሩሽ አልይዝም፣ የአበባውን አቀማመጥ ብቻ ነው የማየው።

ሃይድራንጂያ (አጂሳይ) የጃፓን ዝናብ ወራት አበባ ነው፤ በሰኔ ካማኩራ ከተማ ሜይጌጹ-ኢን የሚባለው ገዳም ግቢው በሙሉ እሱ ነው። ደረቅ ብሩሽ እዚያ ቦታ የለውም። ግራጫ ክምር የሆነብሽ እያንዳንዷን ትንሽ አበባ እኩል ስለሳልሻት ይመስለኛል። መሐል አካባቢ ካሉት ጥቂቶቹን ብቻ አራት አራት ቅጠላቸውን ለይተሽ ሥሪ። ወደ ዳር ስትሄጂ ቀጭን ቀለም ጠብ ጠብ አድርገሽ በወረቀቱ እንዲሰምጥ ተይው። ከዚያ ከሥሩ ሁለት ሦስት ትልልቅ ቅጠሎች በጠቆረ ቀለም አስገቢ። አበባውን ብርሃን የሚሰጠው የቅጠሉ ጥቁረት ነው።

ቢሆንም ለጀማሪ እኔ የምመክረው አሳጋኦን ነው፤ በሙቀቱ ወራት ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ ቀትር ሳይደርስ የሚጠወልገው ባለ ሐረግ አበባ። ቶኪዮ ኢሪያ ሰፈር በየዓመቱ ከጁላይ 6 እስከ 8 የእሱ ብቻ ገበያ ይቆማል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ብሩሹን ንጹሕ ውኃ አጠጪው፣ ጨርቅ ላይ ትንሽ አስይዢው። ቀጭኑን ቀለም እስከ ሥሩ አስገቢለት፣ መካከለኛውን እስከ ወገቡ፣ ወፍራሙን ጫፉ ላይ ብቻ ንኪው። አሁን አንድ ብሩሽ ሦስት ቀለም ይዟል። ብሩሹን አስተኝተሽ ጫፉ ወደ አበባው ዳር፣ ሆዱ ወደ መሐሉ እንዲያይ አድርገሽ በአምስት ማሳረፊያ ዙሪያውን ዙሪ። በየማሳረፊያው መካከል ቀጭን ነጭ መስመር ተዪ፤ መሐሉንም አትንኪው። ዳሩ ጠቆር፣ ወደ ውስጥ እየነጣ፣ ባለ አምስት ጨረር አበባ ይወጣል። ቅጠሉ ሦስት ጫፍ ስላለው በሦስት ማሳረፊያ ያልቃል፤ መጀመሪያ መሐሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኙ። ቅጠሉ ከፊል እርጥብ እያለ ሥሮቹን በወፍራም ቀለም ሳቢ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ መስመሩ ተለጥፎ ይቀራል፣ በጣም ከረጠበም ይሟሟል። መጨረሻ ሐረጉ ነው፤ እሱን በብሩሹ ጫፍ፣ ደረቅ አድርገሽ። አሳጋኦ የሚጠመጠመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ስታዪው ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ። መምህርቴ በተቃራኒው የተጠመጠመ ሐረግ ካዩ ሌላውን ሳያዩ ወረቀቱን ይመልሱልሻል።

ስለ ወረቀቱ ሌሎች ይጨምሩበት።


መቃ_ብዕር (ጎንደር)

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። እኔ ስለ ቀለሙ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ስለሚነሳ።

የጃፓኑ ሱሚ ሁለት ነገር ነው፤ ጥላሸትና ሙጫ። ጥላሸቱ ወይ ከጥድ እንጨት ይገኛል ወይ ከጎመን ዘርና ከሰሊጥ ዘይት ጢስ። ዘይቱን በሸክላ ዕቃ አድርገው፣ ከቄጤማ የተፈተለ ክር አስገብተው ያነዱትና ከላይ በተደፋው ክዳን ላይ የሚያርፈውን ጥላሸት ይጠርጉታል። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ጥላሸቱ ይልማል። ከዚያ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ሙጫ ጋር እንደ ሊጥ ይታሻል፣ በእንጨት ቅርጽ ይጨመቃል፣ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ በገለባ ታስሮ ይሰቀላል። ናራ ከተማ ለዚህ ሥራ ዋናዋ ናት፤ ኮባይኤን የሚባለው ቤት ከ1577 ጀምሮ አለ። የሚሠሩት በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ በሙቀት ሙጫው ይበላሻላ። የጥዱ ጥላሸት ስታቀጥኑት ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ የዘይቱ ወደ ቡናማ። ጉም፣ በረዶና ውኃ ለሚስል ሰው የጥዱ ይሻለዋል፤ ለአበባ የዘይቱ።

ይህን ስሰማ አልተደነቅኩም። የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ደባልቀው፣ ወራት አቆይተው፣ ደጋግመው እየወቀጡ ያሰናዱታል። ልጅ ሆኜ ከየኔታ ዘንድ ቀለም በጥብጫለሁ። እኛ በመቃ እንጽፍበታለን፣ እነሱ በብሩሽ፤ ጥላሸቱ ግን አንድ ነው፣ ለዚህም ነው የሁለታችንም ጽሑፍ መቶ ዓመታት አልፎት የማይደበዝዘው።

አበጣጠሩን ብቻ አደራ። ድንጋዩ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ፣ ቀለሙን ሳትጫኑ፣ በዝግታ እያዞራችሁ። የቸኮለ ሰው ቀለም ሻካራ ይሆናል። ሲወፍር ድንጋዩ ላይ የቀለሙ ዱካ ቶሎ አይከደንም፤ ያን ጊዜ ደርሷል። የትናንቱን ለዛሬ አታሳድሩ፣ ሙጫው ይሸታል። ደረቁን ቀለም ደግሞ ስትጨርሱ ጫፉን ጥረጉት፤ እርጥቡን ከተዋችሁት ይሰነጠቃል።


ድሬ_ንድፍ (ድሬዳዋ)

ጋሼ መቃ ብዕር፣ ስለ ቀለሙ የነገሩን ትልቅ ትምህርት ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን በሥራ ቀን ማታ ግማሽ ሰዓት ላላት ሴት ቀለም በጥብጪ ማለት ይከብዳል። በጠርሙስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ምን አለበት? ስለ ብሩሹ አያያዝ ሳይሆን ስለ መበጥበጡ ስንጨነቅ ሰው ሳይጀምር ይሰላቻል። እኔ በጠርሙሱ ነው የምሠራው፣ ሥራዬም ይታያል።


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

ድሬ ንድፍ፣ ለልምምድ እስማማለሁ፤ እዚህም ተማሪ ቤት ውስጥ ልጆች የሚጠቀሙት የጠርሙሱን ነው። ሁለት ነገር ግን እወቅ። ብዙዎቹ የጠርሙስ ቀለሞች በቆዳ ሙጫ ፈንታ ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው ያለባቸው፣ ብሩሹ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ሁለተኛ፣ ርካሹ የልምምድ ቀለም ሥዕሉ ከጀርባው ወረቀት ሲለጠፍለት ውኃ ሲነካው ይፈሳል። አሳጋኦውን በድንጋይ በተበጠበጠ ቀለም ብትሠራው ደግሞ የዳሩና የመሐሉ ልዩነት በዓይን ይታያል፤ በጠርሙሱ ሁለቱ ቶሎ ይቀራረባሉ። ዘላቂ እንዲሆን የምትፈልገውን ሥራ በጥብጠህ ሥራ፣ ሌላውን እንደተመቸህ።


ሀገሬ_ናፋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገን። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ፍሪርን አትለፉት። በ1923 የተከፈተ የእስያ ጥበብ ሙዚየም ነው፣ መግቢያው ነፃ። የታዋራያ ሶታጹ ትልልቅ ተጣጣፊ ሥዕሎች አሉት። ሥራዎቹን ብርሃን ስለሚጎዳቸው እየቀያየሩ ነው የሚያሳዩት፤ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደወጣ ድረ ገጹ ላይ እዩ።

ሶታጹን ያነሳሁት የጽጌ ወር ለጠየቀችው የመንሰራፋት ጉዳይ መልስ ስላለው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኪዮቶ የኖረ ሠዓሊ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ቀለም ጠብ ያደርግበታል፤ ሁለቱ እንደ ፈቃዳቸው ይዋሃዳሉ፣ ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ ድንበር ይሠራሉ። ታራሺኮሚ ይባላል። ኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የሎተስ ኩሬና የውኃ ወፎች ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ነው፤ የሎተሱ ቅጠል ውኃ የቋጠረ የሚመስለው በዚህ መንገድ ነው። እህቴ፣ ቀለሙ ሲንሰራፋብሽ አትታገዪው። የት እንደሚንሰራፋ አስቀድመሽ ምረጪለት።

ሌላው፣ ናሽናል አርቦሪተም በሚባለው የዛፎች አትክልት ቦታ ውስጥ ያለው የቦንሳይ (በዕቃ ውስጥ እየተገረዙ የሚያድጉ ትንንሽ ዛፎች) ሙዚየም። ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ እየተገረዘ ያደገ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ሲወድቅ ከተማዋ ውስጥ የነበረና የተረፈ ጥድ እዚያ አለ፤ በ1976 ለአሜሪካ የተሰጠ ስጦታ ነው። ግንዱ ፊት ቁጭ ብዬ በእርሳስ እነድፋለሁ። ቅርፊቱን ካላዩት በስተቀር የጥድ ግንድ በብሩሽ አይመጣም።


ካርሜል_ተራራ (ሐይፋ)

እስራኤል ያላችሁም ሐይፋ ካርሜል ላይ ቲኮቲን የሚባለውን የጃፓን ጥበብ ሙዚየም እዩት። በ1959 የተመሠረተ ነው። ጃፓናዊ ሥዕል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ከቅርብ ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ሌላ ነገር ነው።


ግቢ_አስዋቢ (አዳማ)

ሦስተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። ሥራዬ ግቢ ማልማት ነው፤ ለሙያ ሥልጠና ጃፓን ሄጄ የአትክልት ቦታዎቻቸውን አይቻለሁ። ልቤ የቀረው እዚያ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የጃፓን ደረቅ አትክልት ቦታ (ያለ ውኃ፣ በድንጋይና በጠጠር የሚሠራው) ራሱ በጥቁር ቀለም ከተሠራ ሥዕል ብዙ የወረሰ ነው። ኪዮቶ ዳይቶኩ-ጂ ገዳም ውስጥ በ1509 የተመሠረተ ዳይሴን-ኢን የሚባል ትንሽ ንዑስ ገዳም አለ። ግቢው ከአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ አይበልጥም። ጥግ ላይ ረጃጅም ድንጋዮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ተራራ ናቸው። ከመሐላቸው ነጭ ጠጠር ይወርዳል፤ ፏፏቴ ነው። ጠጠሩ ከድንጋይ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ጀልባ የመሰለ ድንጋይ ይሸከማል፣ እየሰፋ ሄዶ በስተደቡብ በኩል ባሕር ይሆናል። እዚያ ከሁለት የጠጠር ቁልሎች በስተቀር ምንም የለም። አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይኖር ከምንጭ እስከ ባሕር ትሄዳለህ። የዚያው ቤት ክፍሎች ተንሸራታች በሮች ላይ ደግሞ ሶአሚ በጥቁር ቀለም ተራራና ውኃ፣ ካኖ ሞቶኖቡ የአራቱን ወቅት አበቦችና ወፎች ስለውባቸው ነበር። መነኩሴው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሲያይ ያንኑ ነገር ነበር የሚያየው።

ሴሹ ቶዮን (1420–1506) ደግሞ ተመልከቱ። የዜን መነኩሴ ነበር፤ ከ1467 እስከ 1469 ቻይና ሄዶ ተምሯል። በ1486 የሠራው የአራቱ ወቅቶች ጥቅል ሥዕል ርዝመቱ 16 ሜትር ገደማ ነው፤ ያማጉቺ አውራጃ፣ ሆፉ ከተማ፣ ሞሪ ሙዚየም ይገኛል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲገልጡት ጸደይ ይጀምራል፣ በሙቀቱ ወራት አልፎ ቅጠል ይረግፋል፣ መጨረሻው በረዶ ነው። ያማጉቺ ያለው የጆኤይ-ጂ አትክልት ቦታም የእሱ ሥራ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ድንጋዮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ጎናቸው የተሰበረ፣ በብሩሹ እንደሚስላቸው ናቸው። የድንጋይ ባለሙያ ነኝና አምኜዋለሁ።

አሁን ወደ አሳሳሉ። ግቢውን በሙሉ አትሳዪ። ጀማሪ ሁሉ በሩን፣ አጥሩን፣ መንገዱን፣ ኩሬውን በአንድ ወረቀት ማስገባት ይፈልጋል፤ የሚወጣው ካርታ ነው። አንድ ድንጋይና ከጎኑ ያለውን ምረጪ። ከድንጋዩ ጀምሪ፤ ዙሪያው መስመር አንዳንድ ቦታ ይቋረጥ፣ ብርሃን የሚመታው ጎን ባዶ ይሁን፣ ጥላው በተኛ ደረቅ ብሩሽ ይታሽ። ሽበቱን፣ እርጥበቱን የሚያሳየው ሙስ (ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ) መጨረሻ ላይ በወፍራም ቀለም ነጠብጣብ ይገባል። ሰው እጁን መግታት የሚያቅተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ይበቃል ከምትይበት ትንሽ ቀደም ብለሽ አቁሚ። ውኃውንና አሸዋውን አትሳዪ፤ ወረቀቱ ነው። መስመር መስመር የተበጠረ አሸዋ ከሆነ ድንጋዩ አጠገብ ሁለት ሦስት ቀጭን መስመር ይበቃል።

ለማመን ከፈለግሽ ሃሴጋዋ ቶሃኩ (1539–1610) የሳላቸውን ጥዶች እዪ፤ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያሉት። ስድስት ስድስት እጥፋት ባላቸው ሁለት ተጣጣፊ መጋረጃዎች ላይ ጥዶች ብቻ፣ በጉም ውስጥ። ጉሙን አልሳለውም። አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው፤ ግን ቆመሽ ስታዪው ብርዱ ይሰማሻል።

የአትክልት ቦታን እንደ ሥዕል ማየት ለሚፈልግ ሺማኔ አውራጃ ያሱጊ ከተማ የአዳቺ ሙዚየም አለ፣ በ1970 የተከፈተ። መሥራቹ አትክልት ቦታም አንድ ሥዕል ነው ይል ነበር። አንዱ ክፍል ውስጥ ሥዕል በሚሰቀልበት ቦታ ግድግዳውን ቀደውታል፤ በቀዳዳው የሚታየው ግቢ ተሰቅሎ የሚታይ ሥዕል ሆኗል፣ በየወቅቱም ራሱ ይለወጣል። የሠዓሊው ዮኮያማ ታይካን ሥራዎችም በብዛት እዚያ ናቸው።


የጽጌ_ወር (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሳጋኦውን ሞክሬዋለሁ፤ ካሞ ዳር፣ ዳሩ ጠቁሮ ወደ ውስጥ የነጣ አበባ ወጥቶልኛል! ሐረጉንም እንዳልሽው አቅጣጫውን ጠብቄ ነው የሳልኩት።

ግቢ አስዋቢ፣ ውኃና አሸዋ ወረቀቱ ነው ያልከው ገባኝ። በረዶስ? ነጭ ቀለም አይጨምሩም?


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

አይጨምሩም። ማሩያማ ኦክዮ (1733–1795) በበረዶ የተሸፈኑ ጥዶች የሳለበት መጋረጃ አለ፤ ቶኪዮ ሚትሱይ መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ጥቁር ቀለምና ወርቅ ተጠቅሟል፤ በረዶው ግን ያልተነካ ወረቀት ነው። ቅርንጫፉን ሲስል በረዶው የሚቀመጥበትን ቦታ ዘሎ ነው የሄደው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ነጩ የት እንደሚቀር ማወቅ አለብሽ። ጹባኪ (ካሜሊያ) በብርዱ ወራት ስለሚያብብ ለልምምድ ደህና ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ በጣም አጥቁሪው፣ ከላዩ አንድ ጥግ ባዶ ተዪ። በረዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ።


እንሰት_ጥላ (ሐዋሳ)

ሰላም። ከሁሉም የእኔ ሠዓሊ ኢቶ ጃኩቹ (1716–1800) ነው፤ ኪዮቶ ኒሺኪ ገበያ የአትክልት ነጋዴ ልጅ። የሰው ሁሉ ዓይን ባለ ቀለም ዶሮዎቹ ላይ ነው፤ በጥቁር ቀለም የሠራቸውን ግን ማንም አይደርስባቸውም።

የጽጌ ወር፣ የሚንሰራፋው ወረቀትሽ ጸጋ መሆኑን ልንገርሽ። ጋሰንሺ የሚባለው ቀለም የሚመጥ ወረቀት አንድ ጠባይ አለው። አንድ ማሳረፊያ በቀጭን ቀለም ታሳርፊና ሳይደርቅ ሌላውን ከጎኑ ብታሳርፊ ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ በመካከላቸው ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። የመጀመሪያው ውኃና ሙጫ ወረቀቱን ቀድሞ ስለያዘው ነው። ጃኩቹ የክሪሳንተመምን አበባ በዚህ ነው የሠራው፤ የአበባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ከጎን ለጎን እያሳረፈ። ዙሪያቸውን መስመር አላሰመረም፤ ነጩን መስመር ወረቀቱ ራሱ አሰመረለት። የዶሮ ላባና የዓሣ ቅርፊትም በዚሁ። ሱጂሜጋኪ ይሉታል። ለክሪሳንተመም ከመሐል ጀምረሽ ወደ ውጭ ሂጂ፤ የመሐሎቹ ጠበብና ጠቆር፣ የውጮቹ ረዘምና ሳሳ ይበሉ። እጅሽ እኩል ፍጥነት ካልያዘ ነጩ መስመር አንዱ ጋ ይሰፋል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል።

በ1759 ደግሞ ኪንካኩ-ጂ በሚባለው ገዳም (ሮኩኦን-ጂ) ተንሸራታች በሮች ላይ የወይን ሐረግና በጨረቃ የሙዝ ተክል በጥቁር ቀለም ሣለ። አሁን ሾኮኩ-ጂ ገዳም ሙዚየም ነው ያለው። የሙዙ ቅጠል የተቀደደበት፣ ጅማቱ፣ ያ ሰፊ ጥላ እኔን ሁሌ ቤቴ ያደርሰኛል፤ የጓሮዬን እንሰት በዚያ ብሩሽ እየሞከርኩ ነው።

አንድ ክርክር ግን አለኝ። ካሞ ዳር ከመምህርቷ እጅ እንደምትማር ነግራናለች፤ ከመምህር ወረቀት መገልበጥ ግን ለእኔ ተክሉን ከማየት ያርቃል። ጃፓናውያኑ ራሳቸው ኡሜ እያዩ እንጂ ኡሜ እየገለበጡ አይደለም ትልቅ የሆኑት።


መቃ_ብዕር (ጎንደር)

ልጄ እንሰት ጥላ፣ ላቋርጥህና፣ የካኖ ቤት ሠዓሊዎች ለብዙ ትውልድ የኖሩት ከአባቶቻቸው ሥራ እየገለበጡ ነው። እጅ መጀመሪያ መንገዱን ካላወቀ ዓይን ያየውን አያወርደውም። የእኛም ሠዓሊዎች መምህራቸው የሳለውን ደጋግመው ሳይነድፉ ለግድግዳ አይበቁም ነበር። ከተክሉ ፊት የሚቀመጠው እጁ የተገራለት ነው።


እንሰት_ጥላ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እጅ መግራቱን አልቃወምም። ግን ኦክዮን ይዩት፤ ተክልና ነፍሳትን እያየ የነደፈው ማስታወሻ አለ። በዘመኑ ኪዮቶን የማረከው በዚህ ነው። የገለበጠ ሰው ሐረጉ በየት በኩል እንደሚጠመጠም አይጠይቅም፤ የተሰጠውን ይወስዳል። አበባውን ቆሞ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

መምህርቴ ጠዋት መገልበጫ ወረቀት ይሰጡናል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ያስወጡናል። አንዱን ትቶ አንዱን የያዘ ተማሪ ሲያድግ አላየሁም። ኦርኪድን ብትወስዱ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ረጅም ቅስት፣ ሁለተኛው እሱን አቋርጦ የዓይን ቅርጽ ይሠራል፣ ሦስተኛው ያንን ዓይን ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ ሕግ የሚገኘው ከመገልበጥ ነው። የትኛው ቅጠል ዘንድሮ በነፋስ እንደተሰበረ ግን የሚነግራችሁ ተክሉ ብቻ ነው።


ድሬ_ንድፍ (ድሬዳዋ)

እኔ ደግሞ የምጠይቀው፣ አደይ አበባን በዚህ መንገድ መሳል ይቻላል? ነገሩ ሁሉ ቢጫነቱ ሆኖ ሳለ?


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

ይቻላል። በጥቁር ቀለም ሥዕል ውስጥ እያንዳንዱ ኅብር የራሱ የጥቁረት መጠን አለው። ቢጫ ከሁሉ ብሩህ ስለሆነ በጣም የቀጠነው ቀለም ነው የሚገባው፤ ደማቅ ቀይ ፒዮኒ ግን ጠቆር ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የአደዩን የአበባ ቅጠል ከወረቀቱ ብዙም እንዳይለይ አድርገህ አሳርፈው፣ መሐሉን ብቻ በወፍራም ቀለም ንካው። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ነፋስ ሲመጣ በአንድ ላይ ነው የሚያዘነብለው፤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አዘንብላቸው። ቅርቦቹን ሦስት አራቱን ለይተህ ሥራ፣ የሩቆቹን ነጠብጣብ አድርገህ በውኃ አደብዝዛቸው። ሣሩን አጥቁረው። ዝናቡ እንደቆመ የሚያሳይህ መሬቱ ሥር የምትተወው እርጥብ ቀለም ነው።


ግቢ_አስዋቢ (አዳማ)

ድሬ ንድፍ፣ ይሄን ስትሠራ እዚሁ ለጥፍልን። እኔም የአንድ ደንበኛ ግቢ ድንጋይ አለኝ፣ እሱን አወጣለሁ።


የጽጌ_ወር (አዲስ አበባ)

ስለ ወረቀት የቀረ ጥያቄ። የጃፓኑ ወረቀት እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ያለኝ ጥቂት ነው። በምን ልለማመድ? ሲደርቅ ደግሞ ሥራዬ ይጨማደዳል፣ ለመስቀል አልበቃ አለ።


እንሰት_ጥላ (ሐዋሳ)

ለልምምድ ያልታተመ የጋዜጣ ወረቀት ይሆናል፤ እንደ ጋሰንሺ ባይሆንም ይመጣል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን ቀለሙን አይቀበልም፣ ላዩ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ሁልጊዜ የሱፍ ነገር አንጥፊ፤ እኔ ጋ ያለው ቁራጭ ባና ነው። ወረቀቱ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ውኃው ከሥር ተኝቶ ቦታ ቦታ ያቆሽሸዋል። ጃፓኖች ወረቀቱ እንዳይመጥ ሲፈልጉ ሻብና ሙጫ በውኃ አሟሙተው ይቀቡታል፣ ዶሳ ይሉታል፤ ጥርት ያለ መስመር ለሚፈልግ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለሃይድራንጂያሽ ግን ባይቀባ ይሻላል።


ካሞ_ዳር (ኪዮቶ)

መጨማደዱ የሁሉም ነው፤ መፍትሔው ከጀርባው ሌላ ወረቀት መለጠፍ ነው። መጀመሪያ ሥራው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆዪው፣ የተበጠበጠ ቀለም ሙጫው ይያዝ። ከስንዴ የወጣ ስታርች በውኃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ በወንፊት አጥልለሽ ወተት እስኪመስል አቅጥኚው። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ታች ለስላሳ ሰሌዳ ላይ አስተኚና ውኃ እርጪበት፤ በሰፊ ደረቅ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር እያልሽ ዘርጊው። ሽብሽቡ ሁሉ ይለቃል። ከዚያ ከሥዕሉ በአራቱም ጎን ጥቂት ጣት የሚሰፋ ሌላ ወረቀት በቀጭኑ ስታርች ቀብተሽ ከአንድ ዳር ጀምረሽ ሥዕሉ ጀርባ ላይ አውርጂው፣ እያሻሸሽ አየሩን አስወጪ። የተረፈውን ዳሩን ብቻ ወፈር ባለ ስታርች ቀቢና አንስተሽ፣ ሥዕሉ ወደ አንቺ እንዲያይ አድርገሽ፣ ሌላ ሰሌዳ ላይ ለጥፊው። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ የወረቀት ቁራጭ አስገቢ፣ ኋላ ቢላዋ የምታስገቢበት እሱ ነው። ፀሐይ ላይ አታድርጊው፣ ዳሩ ይቀደዳል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲደርቅ እየተወጠረ ይሄዳል።

መጀመሪያ የማያሳሳሽን ወረቀት ለጥፈሽ እዪ። አሳጋኦውን ከዚያ።